ከአዲሎ የተመለሰው ካፖ

ሱቁን ለቅቄ የወጣሁ ዕለት በእጄ የያዝኩት አንዲት የካርቶን ሣጥን ነበረች። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን ያቺን ጠባብ ሱቅ የሚያውቃት ያውቃታል፤ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥባታል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጊታር ስጠግን፣ ክር ስቀይር፣ ካፖ ስሸጥ ኖሬባታለሁ። ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ጡረታ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት የለም። የቀኝ አውራ ጣቴ አልታጠፍም አለች፤ የግራ ጆሮዬ ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በእኔ ሥራ ጣትና ጆሮ ከከዱ ምን ይቀራል? ደከመኝ። ደንበኛውም አልቋል። ዛሬ መዘምራኑ ሁሉ ኪቦርድ አላቸው፤ የዘማሪዋ ድምፅ ከፍ ካለ አንድ ቁልፍ ይጫኑና ሁሉንም ከፍ ያደርጉታል። ጊታሩንም የሚቃኙት በስልክ ነው። ስልኩን አልጠላውም፤ ቢያንስ ጆሮው አይጮኽበትም።

በሣጥኗ ውስጥ የክር መቁረጫዬ፣ የቀድሞ አሠሪዬ የጋሽ ሸምሱ የሻይ ብርጭቆና አንድ ካፖ ከነማሸጊያው ነበሩ። ያ ካፖ ለዘጠኝ ዓመት በመሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል። የማይሸጥ ሆኖ አይደለም። አዲሎ ውስጥ አንዲት ሴት በእሱ ምክንያት መዘመር ትታለች፤ ያስተውኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሳላስተካክል ሥራ ጨረስኩ ማለት ከበደኝ።

ለማያውቅ ልንገር። ካፖ በጊታር አንገት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚነክስ ዕቃ ነው። ስድስቱን ክሮች አንድ ላይ ይጫናቸዋል፤ ክሮቹ ሲያጥሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ጊታሪስቱ ግን ጣቱ የለመደውን ኮርድ ሳይቀይር ይመታል። እኛ አገር ይህ ዕቃ ለምን እንዳስፈለገ የእኛን መዘምራን ያየ ሰው አይጠይቅም። እዚህ መዝሙር የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ዘማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ደስ ካላት ቦታ ታነሣዋለች፤ ጊታሪስቱ ከኋላዋ እየሮጠ ይፈልጋታል። በአንገቱ ላይ የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የምንላቸውን፣ አንድ ብሎ ሁለት ብሎ ይወጣል። ያገኛት ቦታ ላይ ካፖውን ያስነክሳል።

ሱቁ የጋሽ ሸምሱ ነበር። ጉራጌ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ደንበኞቻቸው ግን ከሌሞ እስከ ሾኔ ያሉ የጴንጤ መዘምራን ነበሩ። «መዝሙሩ የእናንተ፣ ክሩ የእኔ» ይሉ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ የተቀጠርኩትም ወለል ልጠርግ ነው። ዓርብ ዓርብ ለስግደት ሲሄዱ ሱቁ በእኔ እጅ ይቀራል። አንድ ዓርብ ለጥገና የመጣ ጊታር ላይ የተበጠሰውን ክር ቀየርኩና ቤተ ክርስቲያን የሰማሁትን በጆሮዬ እያስታወስኩ ቃኘሁት። ጋሽ ሸምሱ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ስድስቱንም እንድመታ አዘዙኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዘው።»

ሌላ ሰው ግን አልተቀጠረም። መጥረጊያውም ከእኔ ጋር ቆየ፣ ደሞዜም እዚያው ቆየ።

የእሳቸውን አመል ብዘረዝር አይበቃኝም። አዲስ ካፖ ሲመጣ መጀመሪያ የገዛ ጣታቸውን ያስነክሱታል። ጣታቸው እስኪደነዝዝ ይቆያሉ። ቶሎ ከደነዘዘ «ይሄ ክሩን ይጎትታል፣ ከቅኝት ያወጣል» ብለው ወደ ርካሹ መደርደሪያ ይወረውሩታል። ሁለተኛ፣ ገዢውን ሳያዘምሩ ካፖ አይሸጡም። ሙስሊም ሽማግሌ ካውንተሩን ተደግፎ አንድን ዲያቆን «ዘምር እስቲ፣ አትፈር» ሲለው ማየት ነበረባችሁ። ሦስተኛውና ዋናው «ጊታሩን አምጡ» ነው። ጊታር ያላመጣ ካፖ አይወስድም። ሰው ሲቆጣ «ካፖ እንደ ጫማ ነው» ይሉታል። «ዋጋው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ልኩ ግን እግርህ ላይ ነው።»

ለእኔ ብቻ ደግሞ ቀስ ብለው ይነግሩኛል። «ታዱ፣ የእናንተ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የገዛውን ዕቃ ሽማግሌ ሳይጸልይበት ማሸጊያውን አይፈታም። ስለዚህ ቤቱ ሄዶ ይሞክረዋል ብለሽ እንዳታስቢ። እዚሁ ሞክሪለት።»

ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አብዝቶ የጠየቀኝ «ውዱ ይሻላል ወይ?» የሚለውን ነው። መልሴ ሁልጊዜ ሰውን ያናድዳል፤ «ለማን?» እለዋለሁ። የርካሹ ስፕሪንግ ለቀጭኑም ለወፍራሙም አንገት እኩል ነው የሚነክሰው፤ ማላላት የለም፣ ማጥበቅ የለም። ላስቲኩም ዓመት ሳይሞላው ይደርቅና ክሮቹ ይቦረቡሩታል። ውዱ ባለ ብሎን ነው፤ እንደ አንገቱ ታጠብቀዋለህ፣ ላስቲኩም እንደ ጆሮ ጫፍ ልስልስ ያለ ነው። ሾኔ በየገበያው ቀን ጠረጴዛ ዘርግቼ በምሠራበት ጊዜ፣ በአንድ ዓመት ሦስት ርካሽ ካፖ የሰበረ ጊታሪስት ነበር። በመጀመሪያ ያየኝ ቀን «ባለሙያው የለም?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «አይ፣ ጊታር የሚሠራው ማለቴ ነው» አለኝ። ጊታሩን ተቀብዬ ካፖውን ከፍሬቱ ላይ አንሥቼ ከብረቱ ጀርባ፣ ልክ አጠገቡ አስነከስኩለት። መትቶ ሰማው፤ ከዚያ ውዱን ገዛ። ሱቁ እስኪዘጋ ያንኑ ይዞ ነበር የሚመጣው። ለእሱ ውዱ ርካሽ ነው። ጊታሩን በወር አንድ ቀን ለሚያነሣ ሰው ግን መካከለኛው ይበቃል። የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ወርቅም ቢሆን ብረት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት።

ጋሽ ሸምሱ ዱራሜ ቅርንጫፍ ሲከፍቱ የወንድማቸውን ልጅ አለቃ አድርገው እኔን አብረው ላኩኝ። አለቃዬ ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር። «እትዬ፣ ሰው ልግዛ ሲል አታዘምሪው፣ ሽጪለት!» ይለኛል። ለአንድ ዓመት ያህል ታገልኩት። ከዚያ ሰለቸኝ።

አንድ የገበያ ቀን መምህር ማቴዎስ መጣ። የአዲሎ ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የአጥቢያቸው «ለ» የተባለው የመዘምራን ቡድን ጊታሪስትም እሱ ነው። ከኪሱ አንድ እርሳስና ከብስክሌት ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አወጣ።

«እትዬ ታዱ፣ ይሄን አይተሽ አትሳቂ።»

ሳቅኩ።

«ሰባት ወር በዚህ ነው የዘመርነው። እርሳሱን ክሮቹ ላይ አጋድመን በላስቲኩ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን። ተማሪዎቼ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? መምህር፣ ጊታሩ ፈተና ሊፈተን ነው ወይ?»

«ታዲያ ስንት አመጣ?»

«አለፈ! አሁን ግን የጉባኤ ቀን ደርሷል። ወርቅነሽ የምትባል ዘማሪ አለችን፤ ብቻዋን ነው የምታነሣው። ድምጿ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እርሳስ አስረን አንቆምም። መዘምራኑ አዋጥተዋል። ውዱን ስጪኝ፤ ለእግዚአብሔር ቤት ርካሽ አይገዛም።»

«ጊታሩስ?»

«ጊታሩ አዲሎ ነው። ሚኒባሱም ሊሞላብኝ ነው።»

አለቃዬ ከካውንተሩ ማዶ አየኝ። ሌሎች ሰዎችም እየጠበቁ ነበር፤ እግሬ አብጦ ጫማዬን በግማሽ አውልቄ ነበር የቆምኩት። ጊታሩን አምጣ ማለት ነበረብኝ። ቢያንስ ክሩ ብረት ነው ወይስ ናይለን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። «ጥሩ ጊታር ነው?» አልኩት። «ጥሩ ነው» አለኝ። ባለ ብሎኑን አንጸባራቂ ካፖ ከነማሸጊያው ሰጠሁት። እርሳሱን ከእጁ ተቀብዬ «ይሄ ነውር እዚሁ ይቅር» ብዬ ቆሻሻው ውስጥ ጣልኩት። ተሳሳቅን። ሮጠ።

ጉባኤው ላይ እኔም ሄጄ ነበር። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ በካፖው ማሸጊያ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት፤ ከዚያ ተፈታ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። መምህር ማቴዎስ ጊታሩን ሲያነሣ ግን አንገቱን አየሁት። ሰፊ ነው። ክሮቹ ናይለን ናቸው። የናይለን ጊታር አንገት ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው፤ የብረት ክር ጊታር አንገት ግን ትንሽ ጎበጥ ይላል። እኔ የሸጥኩት ካፖ የተቀለሰው ለጎባጣው ነበር። በልሙጡ ላይ ሲያርፍ ዳርና ዳሩን ክር አጥብቆ ይነክሳል፤ መሐሉን አይደርስበትም።

ሦስተኛው ፍሬት ላይ አሰረው። መታው። መሐሉ ላይ ያሉት ክሮች ጥዝዝ አሉ፤ ያ ድምፅ በትልቁ ስፒከር ወጣ። ደነገጠና ብሎኑን አጠበቀ። ይኼኔ የዳር ክሮቹ ከቅኝት በላይ ወጡ። ኪቦርዱ በትክክለኛው ቅኝት ላይ ነው፤ ጊታሩ ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሏል። ትንሽ መሆኑ ነው የከፋው፤ ብዙ ቢሆን ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር፣ ዕቃው ተበላሸ ይባል ነበር። ወርቅነሽ አነሣችው። የመጀመሪያውን ቤት እንደምንም ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ ወደ ጊታሩ ዞረች፣ ወደ ኪቦርዱ ዞረች፤ የትኛውን ትከተል? ድምጿ ተሰነጠቀ። ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ይቅርታ» አለችና ወረደች።

መነሣት እችል ነበር። ዳሱ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች አንድ እርሳስ አይጠፋም፤ በካፖው ፋንታ ይታሰር ነበር። «ጥፋቱ የዕቃው ነው፣ የእሷ አይደለም» ብዬ መናገርም እችል ነበር። አልተነሣሁም። አፈርኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። ያ «ይቅርታ» ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና ዞረ። ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ የጣለ ሁሉ በእሷ ድምፅ «ይቅርታ» ይልና ይሳቃል። ከዚያ በኋላ ወርቅነሽ መዘምራኑ ጋ አልተመለሰችም።

መምህር ማቴዎስ ካፖውን መለሰልኝ፤ ገንዘባቸውን ሰጠሁት። ለጋሽ ሸምሱ ልነግራቸው ሆሳዕና ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሻያቸውን እያማሰሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እርሳሱ ቀጥ ያለ ነበር?»

«ቀጥ ያለ ነበር።»

ሻያቸው ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። እርሳስ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰባት ወር ጥዝዝ ሳይል የሠራው አንገቱም ልሙጥ ቢሆን ነው። ሰውየው ጊታሩን ባያመጣም የጊታሩን ልክ በኪሱ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እኔ ሳቅኩበት፤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጊታር ላላመጣ ሰው አልሸጥኩም። አለቃዬ ተማረረና ወደ ሆሳዕና መለሰኝ። ጋሽ ሸምሱ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ብርጭቆአቸው ለእኔ ቀረ። አዲሎ መሄድ ግን አልቻልኩም። ሁልጊዜ ሥራ አለኝ እላለሁ። ሱቁ ሲዘጋ ሥራ አለኝ የምልበት አጣሁ።

ባለፈው ወር ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ከዱራሜ አዲሎ ሚኒባስ ቀያየርኩ። ካፖውን፣ አንድ አዲስ እርሳስና የካላማዳሪ ላስቲክ ይዣለሁ። መምህር ማቴዎስ ያንኑ ጊታር ይዞ አጀበኝ። ጸጉሩ ሸብቷል። ወርቅነሽ ግቢዋ ውስጥ ዝንጅብል አስጥታ እያገላበጠች አገኘናት።

«እህት ወርቅነሽ፣ ታደለች እባላለሁ። ያንን ካፖ የሸጥኩት...»

«አውቅሻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ስድስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሰሽ ነበር።»

«አየሽኝ?»

«ሰው ሁሉ እኔን ያያል፤ አንቺ ብቻ መሬት ታዪያለሽ። ይቺ ደግሞ በምን አፈረች ብዬ በኋላ ሰው ጠየቅኩ።»

ነገርኳት። ስለ ልሙጡ አንገት፣ ስለ ተቀለሰው ካፖ፣ ስለ እርሳሱ፣ ሳልነሣ ስለመቅረቴ። «ጥፋቱ የድምፅሽ አልነበረም። አንቺ ልክ ነበርሽ። እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ።»

እጇ ዝንጅብሉ ላይ ቆመ።

«ይቺን ለማለት ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«መንገዱ ተበላሽቶ ነበር እንዴ?»

መምህር ማቴዎስ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፤ አልቻለም። እሷ ግን አልሳቀችም። «እኔ ድምፄ ነው የከዳኝ ብዬ ነው የተውኩት። እግዚአብሔር የሰጠኝን መልሶ ወሰደ ብዬ። ብቻዬን እንኳ፣ ቤት ውስጥ እንኳ አላነሣም ነበር» አለች። ጎንበስ ብዬ አብሬአት ዝንጅብል ማገላበጥ ጀመርኩ። አውራ ጣቴ እምቢ ብትልም በሌሎቹ ሠራሁ።

በመጨረሻ «ዘምሪ እስቲ፣ አትፈሪ» አልኳት። የጋሽ ሸምሱ ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

«ልትሸጪልኝ ነው የመጣሽው?»

«ሱቅ የለኝም።»

«እንኳን ዘጋሽ!» አለች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ ዝንጅብሏን እንደያዘች፣ ቀስ ብላ አነሣችው። ያንኑ መዝሙር ነው። ድምጿ ዝጎ ነበር፤ እየሄደ ግን ጠራ። እኔ እርሳሱንና ላስቲኩን ይዤ ተዘጋጅቻለሁ። መምህር ማቴዎስ በጣቱ እየፈለጋት ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሞከረ፤ የለችም። ሁለተኛው ላይ የለችም። አንደኛው ላይ ተጠጋት። ከዚያ ጣቱን ከአንገቱ ላይ ጨርሶ አነሣና ባዶውን ክር መታው። እዚያ ነበረች።

«ምነው? እርሳሷን እሰሪ እንጂ» አለች ወርቅነሽ ዘወር ብላ።

«አያስፈልግም።»

«ድምፄ ወርዷል ማለት ነው።»

«ወርዶ ጊታሩ ጋ ደርሷል» አልኳት። «አሁን ርካሽም ውድም አትገዙም።»

ካፖውን ከማሸጊያው አውጥቼ ይቅርታ መጠየቂያ ይሁን ብዬ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፣ ብሎኑን ፈታች፣ አጠበቀች። «ያምራል» አለችና የደረቀውን ዝንጅብል የሞላችበትን ከረጢት አፍ አጥፋ አስነከሰችው። አልላላም። ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን ሲያገኝ አየሁት።

«እርሳሱንስ ምን ላድርገው?» አልኩ፤ በእጄ እንደያዝኩት ነበር።

«ወሬ ትወጃለሽ። ጻፊበት።»

ይኸው እየጻፍኩበት ነው።

ባለፈው እሑድ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ መምህር ማቴዎስ ነው። አነሣሁት፤ አይናገርም። ስልኩን ለአንድ ሰው አስይዞ ወደ መድረኩ አዙሮልኝ ኖሯል። መጀመሪያ ጫጫታ፣ ቀጥሎ ጊታር፣ ከዚያ የእሷን ድምፅ በደህናው ጆሮዬ ሰማሁ። የመጀመሪያውን ቤት ዘመረች። ሁለተኛው ላይ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። አለፈችው።

የጊታሩ ሁለተኛ ክር ከቅኝቱ ትንሽ ወርዷል። ዝም አልኩ።